መልስ፦ ቴርሚስተሩ ለምን 2 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነባል?

ወንድሜ፣ 10 ኪሎ ኦም ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ የሙቀት መለኪያ) ከ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ በ5 ቮልት ካገናኘህ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሬዚስተሩን ነው።

በክፍል ሙቀት 0.45 ሚሊ አምፒር ያልፋል፤ ቴርሚስተሩ ላይ ወደ 2 ሚሊ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። ትንንሾቹ ቴርሚስተሮች በረጋ አየር ውስጥ በየ1 ሚሊ ዋቱ 1 ዲግሪ ያህል ሊሞቁ ስለሚችሉ፣ የምታነበው የአየሩን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሙቀት ነው። ሬዚስተሩን በ10 ኪሎ ኦም (ስህተቱ ከ1 በመቶ በማይበልጥ) ቀይረው፤ ሙቀቱ ወደ 0.6 ሚሊ ዋት ይወርዳል። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውንም የሬዚስተሩን የኦም መጠን መቀየር እንዳትረሳ። ኃይሉን ከማይክሮኮንትሮለሩ (ፕሮግራሙን ከሚያስኬደው ቺፕ) ፒን ሰጥተህ በምታነብበት ቅጽበት ብቻ ብታበራው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ቤታውንም (የቴርሚስተሩ ተቃውሞ ከሙቀት ጋር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ቁጥር) አረጋግጥ። 3950 ከሆነ በ0 ዲግሪ 33 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ50 ዲግሪ 3.6 ገደማ ይሆናል። የተቃውሞውና የሙቀቱ ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ስለዚህ በሎጋሪዝም ካልተሰላ ከ25 ዲግሪ በራቅህ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ እግሮቹን ውሃ እንዳይነካቸው ሸፍነህ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ ውስጥ ክተተው፣ እያማሰልክ ጠብቅ። እዚያ 0 አሳይቶ አየር ላይ ከፍ ካለ ችግሩ የራሱ መሞቅ ነው፤ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ይወስደዋልና።