የሆስፒታል ወረፋን ማጥናት ሙያ ይሆናል ወይ?

ውድ እህታችን፣

እናትሽን ለሕክምና ስታመላልሺ ካርድ ክፍል ደጃፍ ያየሽው ወረፋ በሦስተኛ ዓመት ከተማርሽው የሰልፍ ንድፈ ሐሳብ (ወረፋን በሂሳብ የሚያጠና ትምህርት) ጋር እንደሚገናኝ ገልጸሽ፣ «ስታቲስቲክስ አጥንቼ በዚህ እንጀራ መብላት እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትችያለሽ፤ ነገር ግን «የወረፋ ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። ሥራው የሚገኘው በጥራት ማሻሻያ፣ በጤና መረጃ እንዲሁም በክትትልና ግምገማ መደቦች ውስጥ ነው።

ትምህርቱን ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመረው ለስልክ ጥሪዎች ሲሆን፣ በ1952 ኖርማን ቤይሊ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን የተመላላሽ ታካሚዎች ቀጠሮ መርምሮበታል።

ለአንድ የሆስፒታል ኃላፊ ማስረዳት ያለብሽን ዋና ነገር በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ሐኪም በሰዓት በአማካይ 6 ሰው ያያል እንበል። በሰዓት 4 ታካሚ ቢመጣ፣ ቀላል በሆነው የአንድ አገልጋይ ቀመር (ወረፋውን አንድ ሐኪም ብቻ ሲያስተናግድ በሚሠራው) መሠረት አንድ ሰው በአማካይ 20 ደቂቃ ይጠብቃል፤ 5 ቢመጣ 50 ደቂቃ፣ 5.5 ቢመጣ ደግሞ 110 ደቂቃ ይጠብቃል። የሚመጣው ሰው በአማካይ አሁንም ከሐኪሙ አቅም በታች ነው፤ ጥበቃውን የሚያስረዝመው ታካሚዎች በእኩል ልዩነት አለመምጣታቸውና የአንዱ ምርመራ ከሌላው መርዘሙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አልፎ አልፎ ያለ ታካሚ መቀመጡ እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ ቀመር ሰው ቀኑን ሙሉ በአንድ መጠን እንደሚመጣ ይገምታል። አንቺ እንዳየሽው ግን ብዙ ሰው ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስለሚሰለፍ፣ መስኮቱ ሲከፈት ወረፋው አስቀድሞ ተጠራቅሟል። በተጨማሪም ሐኪም ያየው ታካሚ ወደ ላብራቶሪ ሄዶ ውጤቱን ይዞ ሲመለስ እዚያው በር ላይ እንደገና ይቆማል፤ የወጣውን ካርድ ብቻ የሚቆጥር አጥኚ ይህን ሁለተኛ ሰልፍ ፈጽሞ አያየውም። እንዲህ ያለውን ሁኔታ በቀመር ብቻ መያዝ ስለሚያዳግት የኮምፒውተር ሲሙሌሽን (ወረፋውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ) በፓይተን ወይም በአር የፕሮግራም ቋንቋ መሥራትን ተማሪ። በእኔ እምነት ከሌላ ተጨማሪ ኮርስ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥሽ ይህ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አንድ ክፍል ብቻ ምረጪ። ሰዓትና ደብተር ይዘሽ ኮሪደሩ ላይ ቁሚና የእያንዳንዱን ታካሚ የመድረሻ፣ የመጠሪያና የመውጫ ሰዓት መዝግቢ፤ ስም ግን አትጻፊ። በኋላ ለሥራ ስትወዳደሪ ቀጣሪ ፊት የምታቀርቢው ማስረጃ ይኸው መዝገብና ከእሱ የሠራሽው ሞዴል ይሆናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ የድጋፍ ደብዳቤውን ከአሁኑ አስገቢ።