ሲኖትራክና ባጃጅ ሲጋጩ፦ የሞመንተም ጥያቄና መልስ

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እንደ ሞመንተም ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ነገሩን የሚስትበት ምዕራፍ ግን አላየሁም። «ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ከተማሪም፣ ከሹፌርም፣ ከእናትም መጥቷል። ተራ ሳልጠብቅ እመልሳለሁ።

መምህር፣ ሞመንተም በአጭሩ ምንድን ነው?

የአንድ ነገር መጠነ ቁስ (ማስ የምንለው) በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ግን አቅጣጫም አለው። ወደ መገናኛ የሚበርና ወደ ሜክሲኮ የሚበር ሁለት ሚኒባስ እኩል ቢመዝኑም እኩል ቢፈጥኑም ሞመንተማቸው አንድ አይደለም። አንዱን ፕላስ ካልከው ሌላው ማይነስ ነው። ፈተና ላይ ግማሹ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህች ማይነስ ላይ ነው።

ሲኖትራክ ባጃጅ ሲገጭ ባጃጁ እንደ ጣሳ ይጨማደዳል፣ ሲኖው ምንም አይሆንም። ታዲያ «ድርጊትና አጸፋ እኩል ናቸው» የሚባለው ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም። ሲኖው ባጃጁን የገፋበትና ባጃጁ ሲኖውን የገፋበት ጉልበት በእያንዳንዷ ቅጽበት እኩል ነው። የሚለየው ያ ጉልበት በእያንዳንዳቸው ላይ የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ ነው።

እስቲ እናስላው። ሲኖው ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ ይሁን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየመጣ ነው። ባጃጁ ከነተሳፋሪው 700 ኪሎ ይሁን፤ ፊት ለፊት በ30 ይመጣል። ተጋጩና ተጣብቀው አብረው ሄዱ እንበል። የሁለቱ ድምር ሞመንተም ከግጭቱ በፊትም በኋላም አንድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንደምረው። 30,000 በ60 ሲባዛ 1,800,000። የባጃጁ 21,000 ነው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ይቀነሳል። ቀሪውን ለ30,700 ስናካፍለው 58 ገደማ ይመጣል።

ሲኖው ከ60 ወደ 58 ወረደ። ሹፌሩ ትንሽ ጉድጓድ የገባ ሊመስለው ይችላል። ባጃጁ ግን ወደ ፊት 30 ሲሄድ የነበረው በቅጽበት ወደ ኋላ 58 ሆነ። የ88 ለውጥ ነው። በዚያ ላይ ተሳፋሪውን የከለለው ስስ ቆርቆሮና ሸራ ነው።

ሁለት መኪኖች እያንዳንዳቸው በ50 ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ በ100 ግድግዳ እንደመግጨት ነው አይደል? ከጓደኛዬ ጋር ቢራ ተወራርደናል።

ቢራውን ትጋብዛለህ። መኪኖቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሞመንተማቸው ይጣፋል፤ ሁለቱም እዚያው ቀጥ ይላሉ። ያንተ መኪና ከ50 ወደ ዜሮ ወረደ። በ50 የማይነቃነቅ ግድግዳ ብትገጭም ከ50 ወደ ዜሮ ነው። አዎ፣ በግጭቱ የሚባክነው ኢነርጂ እጥፍ ሆኗል፤ ግን የሚጨማደዱትም መኪኖች ሁለት ናቸው፣ ይካፈሉታል። በ100 ግድግዳ ብትገጭ ኖሮ ያንተዋ መኪና ብቻዋን 4 እጥፍ ኢነርጂ ትችል ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሞመንተም እጥፍ፣ ኢነርጂ ግን 4 እጥፍ ነው። (በአማርኛ ለሁለቱም «ኃይል» እያልን ስለምናምታታ ነው መሰለኝ ይህ ውርርድ የማያልቀው።)

ልጄን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ጋቢና ነው የምቀመጠው። አይበቃም?

አይበቃም፣ እህቴ። ልጁ 10 ኪሎ ቢሆን፣ መኪናው በሰዓት 50 ቢሄድ፣ ይህም በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም ልጁን ይዞ ለማስቀረት 1,400 ኒውተን ያስፈልግሻል። 140 ኪሎ እንደመሸከም ነው፣ ያውም ሳትዘጋጂ። ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ! የእናት ክንድ የፈለገውን ቢጠነክር ይህን አይችልም። ከኋላ፣ በልጅ መቀመጫ፣ በቀበቶ ይታሰር።

በረኛ ኳስን በቡጢ ሲመልስ ነው ወይስ ሲይዝ የበለጠ ጉልበት የሚያርፍበት?

ሲመልስ። የሚይዝ በረኛ ኳሱን ማቆም ብቻ ነው ያለበት። የሚመልስ ግን አቁሞ እንደገና ይልከዋል። በመጣበት ፍጥነት ከመለሰው የሞመንተም ለውጡ እጥፍ ነው። ጎበዝ በረኛ ደግሞ ሲይዝ እጁን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ የመቆሚያው ጊዜ ሲረዝም ጉልበቱ ይቀንሳል።

ብይ ስንጫወት የመታኋት ብይ ትሄዳለች፣ የኔዋ ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ለምን?

የምወደው ጥያቄ! ብዮቹ እኩል ከሆኑና መሀል ለመሀል ከተመታቱ ሁለት ነገር ሳይጎድል መቆየት አለበት፦ ሞመንተሙም፣ የእንቅስቃሴው ኢነርጂም። ሁለቱንም የሚያሟላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ፍጥነታቸውን ይለዋወጣሉ። ቋሚዋ ትሄዳለች፣ ሂያጇ ትቆማለች።

ግን ልብ ብለህ እያት። ትናንት ሊሾ ወለል ላይ ሁለት የመስታወት ብይ ይዤ ሞከርኩ። እያንከባለልኩ ስመታ የኔዋ ለአፍታ ቆም ትልና ቀስ ብላ ትከተላለች። መሽከርከሯ ወደ ሌላዋ አልተላለፈም፤ መስታወት ለመስታወት ያንሸራትታልና። የቀረው ሽክርክሪት ወለሉን እየፈተገ ወደ ፊት ይገፋታል። በጣቴ አስፈንጥሬ፣ ሳትሽከረከር አየር ላይ እንዳለች ስትመታ ግን እዚያው ዱብ ትላለች። ልጆቼ አዋቂ ሰው ብይ ይዞ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሲያዩ ምን እንዳሉ አልጽፍም።

ሁሉንም ያገኘው ኒውተን ነው?

ብቻውን አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 የእንቅስቃሴ መጠን አይጠፋም ብሎ ጻፈ፤ ግን አቅጣጫውን ዘነጋው። ያችው ማይነስ! ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ሁይገንስ አቃናው። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ከእንቅስቃሴ ሕጎቹ ጋር አሰናሰለው።

ከፈተና ሌላ ምን ይጠቅማል?

መስከረም 17 ቀን 2015፣ የደመራው ፍም ገና ሳይበርድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ፣ ዳርት የተባለች የናሳ መንኮራኩር፣ የሰማይ አለትን በግጭት መንገዱን ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ለመሞከር፣ ሆን ተብሎ ከአንድ አለት ጋር ተላተመች። 570 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። አለቱ ዲሞርፎስ ይባላል፤ ስፋቱ 160 ሜትር ገደማ ነው። ዲዲሞስ የተባለውን ትልቅ አለት በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይዞር ነበር። ሙከራው ተሳክቷል ለማለት የመዞሪያውን ጊዜ በ73 ሴኮንድ መለወጥ ይበቃ ነበር። የተለወጠው ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው።

ምክንያቱ በረኛው ነው። መንኮራኩሯ አለቱ ውስጥ ተሰክታ ብቻ አልቀረችም። ከአለቱ ድንጋይና አቧራ ወደመጣችበት አቅጣጫ ተፈናጠረ፤ ያ ሁሉ ሲፈናጠር አለቱን በተቃራኒው የበለጠ ገፋው።