መልስ፦ የማርሲያኖ 49 ለ 0 ከአሊ ያስበልጠዋል ወይ?

አያስበልጠውም። ሮኪ ማርሲያኖና መሐመድ አሊ ሁለቱም የከባድ ሚዛን ቦክስ የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ፤ 49 ለ 0 ማለት ማርሲያኖ 49 ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል ማለት ነው። ፒያሳ ቡና ላይ ጓደኛህ «ማርሲያኖ አልተሸነፈም፣ አሊ ግን 5 ጊዜ ተሸንፏል» ካለህ፣ ተጋጣሚዎቹ በፍልሚያው ዕለት ምን አቋም ላይ እንደነበሩ ጠይቀው።

ማርሲያኖ እ.ኤ.አ. በ1951 የዘረረው ጆ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፕሮፌሽናል ቦክስ ፍልሚያ አላደረገም። በ1952 የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን የነጠቀው ዎልኮት ደግሞ 38። ስማቸው ትልቅ ነው፣ ጊዜያቸው ግን አልፎ ነበር።

አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ የገጠመው ፎርማን ገና 25 ዓመቱ ነው፤ 40 ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። ከዚያ በፊት አሊን አሸንፈው የነበሩትን ፍሬዘርንና ኖርተንን ፎርማን እያንዳንዳቸውን በ2ኛው ዙር ጨርሷቸዋል። አሊ ይህን ሰው በ8ኛው ዙር ዘረረው። በማርሲያኖ መዝገብ ውስጥ ይህን የሚያህል ድል የለም።

ራስህ ስታወዳድር ለእያንዳንዱ 10 ምርጥ ተጋጣሚ ምረጥ፤ በፍልሚያው ዕለት የነበራቸውን ዕድሜና ከፍልሚያው በፊት ያደረጓቸውን የመጨረሻ 3 ፍልሚያዎች ጻፍ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ መለኪያው ለሁለቱም እኩል ይሁን። ሆምስ በ1980 አሊን ሲያሸንፍ አሊ 38 ዓመቱ ነበርና ለሆምስም እንደ ትልቅ ድል አትቁጠርለት። ዕድሜ ስታሰላም የኛን ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ አትቀላቅል፤ 7 ወይም 8 ዓመት ያዛባብሃል።