የባሌ ተራሮች ማለዳ፦ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ለማየት ለሚወጡ ጥያቄና መልስ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአስጎብኚ ጋር ስለሚደረግ የማለዳ ጉብኝት የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የሚመሳሰሉት አንድ ላይ ተመልሰዋል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚው "ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን" አለን። እውነት ያን ያህል ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ከጎባ ከተማ ቀይ ቀበሮ ወደሚታይበት ከፍተኛው ሳነቴ ሜዳ መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ በጥር ደግሞ 12 ከ40 ገደማ ትወጣለች። 11 ሰዓት ከተነሳችሁ ሜዳው ላይ የምትደርሱት ጎህ ሲቀድ ነው።

ያደራችሁት የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ ከሆነ ግን ጎባ ለመድረስ ብቻ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ ለሳነቴ ማለዳ ጎባ ወይም ሮቤ፣ ለደጋ አጋዘን ማለዳ ዲንሾ እደሩ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያቅድና የተሻለውን ብርሃን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ያለን አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ጋይሳይ እንሂድ ወይስ ሳነቴ?

ጋይሳይ ዲንሾ አጠገብ ያለው የደጋ አጋዘን ሜዳ ነው። ሁለት ማለዳ ብታገኙ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሁለቱ እንስሳት ሰዓት አይገጥምም። የደጋ አጋዘን ማለዳና ማታ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይግጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጽድና ኮሶ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጋይሳይ የደረሰ ሰው የሚያየው በአብዛኛው ፈረስና ከርከሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ የቀን እንስሳ ነው።

የግድ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዲንሾ እደሩ፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ጋይሳይን ጨርሱና በቀጥታ ወደ ሳነቴ ውጡ። አራት ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ። ለቀበሮ እንደዘገያችሁ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አልዘገያችሁም። ቀጣዩን መልስ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሳነቴ ጎህ ሳይቀድ ደርሰን 3 ሰዓት ላይ ተመለስን። አንድ ቀበሮ በሩቅ ሲያልፍ ብቻ አየን። ምን አጠፋን?

ቸኮላችሁ። ማለዳ የሚወጣው ቡድኑን ለማየት ነው፤ አደኑን ለማየት ደግሞ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ መጠበቅ ግድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሮዎቹ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ጅራታቸውን አፍንጫቸው ላይ አጥፈው፣ ተጠቅልለው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ የአንድ ቡድን አባላት ተሰብስበው ይላላሳሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ድምፅ ያሰማሉ፤ ከዚያ ተከታትለው የክልላቸውን ወሰን በሽንት ምልክት እያደረጉ ይዞራሉ። ይህ ትዕይንት አጭር ነው፤ በጊዜ ያልደረሰ አያየውም። ከዚያ በኋላ ይበታተናሉ፤ የሚያድኑት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነው። አስጎብኚዎች አንዳንዴ "አሁን አልቋል" ብለው የሚመልሷችሁ በዚህ መሀል ነው፤ ገና ቁርስ ያልበላ ቀበሮ እያለ።

የቀበሮው ዋና ምግብ የባሌው ትልቁ ፍልፈልና የሣር አይጦች ናቸው። ውርጭ በበዛበት ማለዳ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አይወጣም። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ራሱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር እያጨደ ወደ ውስጥ ይስባል። ሙሉ ሰውነቱን ብዙም አያወጣም፤ ሲጨርስ ጉድጓዱን በአፈር ይደፍነዋል። ቀበሮው የሚጠብቀው ያችን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ቀበሮ ብቻ አትፈልጉ፤ አፈሩ ትኩስና ጥቁር የሆነ የፍልፈል ቁልል ፈልጉ። አጠገቡ ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማ ካያችሁ ፍልፈሉ እየሠራ ነው፤ ወፏ ከአፈሩ ጋር የሚወጡትን ትላትሎች ለመልቀም ትከተለዋለች። እዚያ ሞተር አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ቀበሮ ሲያድን ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ፣ አንድ እግር እያነሳ ይጠጋል፤ በየመሀሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ያን ጊዜ መኪና ማስነሳት፣ በር መዝጋት፣ "ያው! ያው!" ማለት አደኑን ያበላሻል። የተረበሸው ፍልፈል ጉድጓዱን ደፍኖ ሲገባ ቀበሮው የደከመው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ፦ የከብት መንጋ። ቀበሮው አንዳንዴ በላሞች መሀል ተደብቆ ወደ አይጦቹ ይጠጋል። መንጋ ባያችሁ ጊዜ "ከብት ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ በእግሮቹ መሀል በሩቅ መመልከቻ መነጽር (ባይኖኩላር) ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮን ከሌላ እንስሳ በምን እንለየዋለን? በሩቅ ሁሉም ውሻ ይመስላል።

እግሩ ረጅምና ቀጭን፣ አፉ ሹል ነው። ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ የጅራቱ የታችኛው ክፍል ጥቁርና ጸጉራም ነው። ግራጫ ቁጥቋጦ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ቀይ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ እሱ ነው። 8 በ42 የሆነ (8 ጊዜ የሚያጎላ) ባይኖኩላር ይበቃል፤ 10 በ42 ከሆነ ክንዳችሁን መስኮቱ ላይ አስደግፉ፣ አለዚያ ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል።

እውነተኛ የመንደር ውሻ ሜዳው ላይ ካያችሁ ለአስጎብኚው ወይም ለስካውቱ (ለፓርኩ ጠባቂ) ተናገሩ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። እንደ 2003 እና 2008 (እ.ኤ.አ.) ያሉ ወረርሽኞች የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ የጎዷቸው ከውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሞተ ቀበሮ ካጋጠማችሁም አትንኩ፤ ቦታውን ብቻ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ ከመኪና ወርደን ብንጠጋስ?

ከመንገዱ ዳር ቀበሮዎቹ መኪና ለምደዋል፤ ሰው ቆሞ ሲያዩ ግን ይሸሻሉ። መኪናው ውስጥ ሆናችሁ 30 ሜትር ላይ የምታዩት ቀበሮ፣ ስትወርዱ 200 ሜትር ላይ ይሆናል። የእግር ጉዞ የሚፈቀድበት ሌላ ቦታ አለ፤ እዚያም ቢሆን ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አስጎብኚው ግልገሎች ያሉበትን ጉድጓድ አሳያችኋለሁ ብሏል። እንሂድ?

አትሂዱ። ግልገሎች የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እናትየዋ ከተረበሸች በአፏ እያንጠለጠለች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራቸዋለች። በውርጭ ሌሊት እንዲህ ያለ ዝውውር ለግልገል አደገኛ ነው። በቡድኑ ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አንዲት የበላይ ሴት ብቻ ስለሆነች የጠፋው ግልገል በቀላሉ አይተካም። ጥሩ አስጎብኚ ራሱ ይህን ሐሳብ አያነሳም፤ ካነሳ ጉርሻ አጉላችሁ አትስጡት።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ መጥቼ የ68 ዓመት እናቴን ይዤ ሳነቴ መውጣት እፈልጋለሁ። ይከብዳቸው ይሆን?

እህቴ፣ ዋናው ነገር በየት በየት ሆናችሁ እንደምትወጡ ነው። ከባሕር ወለል አካባቢ የመጣ ሰው ወዲያው 4,000 ሜትር ላይ ቢወጣ፣ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። አዲስ አበባ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይደሩ፤ ከዚያ ጎባ አንድ ሌሊት፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ላይ። ሳነቴ ላይ ለማደር አትሞክሩ፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ መውረዱ ይሻላል።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለባቸው ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ፤ ዳያሞክስ የሚባለውንም የከፍታ ሕመም መድኃኒት ያለ ሐኪም አትጀምሩ፣ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሊጎዳ ይችላል። እዚያ ላይ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጠውም ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ውረዱ። ወደ ጎባ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ ማለት ነው፤ ከየትኛውም ኪኒን ይልቅ የሚያሻለው መውረዱ ነው።

ጥያቄ፦ ብርዱ ምን ያህል ነው? ጋቢ ይበቃል?

ሰማዩ ጥርት ባለበት በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሳነቴ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩና ጅብራው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀን ላይ ደግሞ ያው ሰው በሸሚዝ ይሄዳል፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ፦ ከውስጥ ቀጭን፣ መሀል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። ጋቢ መኪና ውስጥ ጥሩ ነው፤ ውጭ ግን ነፋሱ ያሳልፈዋል። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ሁለት ካልሲ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያዙ። አብዛኛው ሰው የሚያማርረው ስለ እግሩና ስለ ጣቱ ነው፤ አንድ ጥንድ ጓንት ደግሞ ለአስጎብኚው ትርፍ ያዙለት።

ጥያቄ፦ ቁርስ?

ሜዳው ላይ ምግብ ቤትም መጸዳጃም የለም። ሻይ በፔርሙዝ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ዳቦ ወይም የአካባቢው ጭኮ ይዛችሁ ውጡ። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለጾመኛ በሶና ቆሎ ይሻላል። ሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ፤ ባዶ ሆድ የከፍታውን ማቅለሽለሽ ያባብሰዋል። ፍርፋሪ አትጣሉ፤ ቁራና ውሻ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ጋይሳይ ላይ አጋዘኖቹ ገና ስንደርስ ሮጡ። ለምን?

በአብዛኛው በጠረናችሁ ነው። ነፋሱ ፊታችሁን እየመታ እንድትሄዱ አስጎብኚውን ጠይቁት። ቀጥታ ወደ መንጋው አትሂዱ፤ አግድም፣ የምታልፉ መስላችሁ ሂዱ። ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም፤ ሁሉም አንገት ቀና አድርገው ወደ እናንተ ካዩ ቁሙ፣ እንደገና መጋጥ እስኪጀምሩ አትንቀሳቀሱ። አንዷ እንደ ውሻ ከጮኸች አልቋል፤ መንጋው ይሄዳል። ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ትልቁ ወንድ ብዙ ጊዜ ከዳር፣ ከቁጥቋጦው ጥግ ነው የሚቆመው፤ መንጋውን አይታችሁ ስትጨርሱ የጫካውን ጠርዝ በባይኖኩላር ፈትሹ።

እዚያው ዲንሾ በፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ባለው ኮረብታ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፤ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ በቅርብ ይታያሉ። ልጅ የያዘ ቤተሰብ እዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንበሳ እናያለን?

ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፤ ታያላችሁ ብሎ ቃል የሚገባ አስጎብኚ ግን አትመኑ። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቢገኝም ብዙ ጊዜ ዱካና ድምፅ ነው። ከሳነቴ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ወደ ሪራ መንደር ከወረዳችሁ በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣን፣ ከዛፉ ላይ ጉሬዛን ፈልጉ፤ የጫካ ቡናም አለ።

ጥያቄ፦ በክረምት ብንመጣ?

ይቻላል፤ ግን ጉምና ዝናብ ሜዳውን ሰዓታት ይዘጋዋል፤ ጭቃውም መኪና ያሰምጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ብርዱ ግን የዓመቱ ከባዱ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ብርዱም ገና ስላልበረታ ለብዙው ሰው የተሻለው ጊዜ ያ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የራሳችንን መኪና እንያዝ? ፎቶስ?

ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ መኪና ያስፈልጋል። ነዳጅ ከዋዜማው ሮቤ ወይም ጎባ ሙሉ፤ ከፍታው የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ ዳገቱም ፍጆታውን ይጨምራል። የመግቢያውን ክፍያ አስቀድማችሁ ጨርሱና ደረሰኙን ከእጃችሁ አትለዩ። የመኪናው መስታወት በአመዳይ ተሸፍኖ ካገኛችሁት የፈላ ውኃ አትድፉበት፣ ይሰነጠቃል፤ ሞተሩን አስነስታችሁ በማሞቂያው አቅልጡት ወይም በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት። ሜዳው ላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፉ፤ ቀበሮ በመኪና ይገጫል፤ መንገዱን ሲያቋርጥም ከቁጥቋጦው ድንገት ነው የሚወጣው።

ለፎቶ 300 ወይም 400 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ካሜራውን ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ስትመልሱት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ አስገቡት፤ አለዚያ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። ትርፍ ባትሪ ከጃኬታችሁ ውስጠኛ ኪስ ያኑሩ፤ ብርዱ ቶሎ ይጨርሰዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሌንሱን ሩዝ ወይም ጤፍ በሞላው ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፉ፤ ሞተሩ ሲሠራ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከ6 ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ሩቅ ምስልን ስለሚያደበዝዝ ትልቅ ሌንስ ብዙ አይጠቅምም። ድሮን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ለአውሬውም ለወፉም ድንጋጤ ነው።