የደረት ውጋትን በብርድ አታሳብቡ

አዲስ አበባ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖቼ፣ ስለ ደረት ውጋት ልንገራችሁ። እዚህ «ደረቴን ወጋኝ» ካላችሁ ምክንያት የሚሰጣችሁ ሞልቷል። እማዬ «ብርድ መቶህ ነው» ትላለች፤ ጋሼ «ጨጓራ ነው» ይላሉ። እናንተም ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ከፍታው ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ያስለከልካል፣ እውነት ነው። ደረት መውጋት ግን የከፍታ ሥራ አይደለም።

በጀርባ ስትተኙ ወይም በረጅሙ ስትተነፍሱ የሚብስ፣ ተነስታችሁ ወደፊት ጎንበስ ስትሉ ቀለል የሚል ውጋት ካለ፣ ልብን የሸፈነው ከረጢት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ፔሪካርዳይተስ ይሉታል። ከሌላ የልብ ሕመም የሚለዩት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አይተው ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን ታዩ።

አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ መነሻው ነው። አውሮፓና አሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው የሚባለው። አይቡፕሮፌንና ኮልቺሲን ይታዘዛል፣ ብዙ ሰው ይድናል። በእኛ አገር ግን ቲቢ ዋነኛ ምክንያት ነው። ቲቢ ሲባል ሳል ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፤ የልብንም ሽፋን ይይዛል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት። ውጭ አገር ከታመማችሁ ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥም ቲቢ የያዘው ሰው ከነበረ፣ ሐኪማችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እዚህ ያሉ ወላጆቻችሁ «ልባቸው ውሃ ቋጥሯል» ከተባሉ (የልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ማለት ነው) እና ቲቢ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። የሚወሰደው 6 ወር ነው። ችግሩ ሲሻላቸው መተዋቸው ነው። እየደወላችሁ «ዛሬ ዋጡት ወይ?» በሏቸው። ሽንታቸው ብርቱካንማ ቢሆን ከመድኃኒቱ ነው፣ እንዳይደነግጡ ንገሯቸው። ቲቢው በወጉ ካልታከመ ሽፋኑ ጠንክሮ ልብን ጨምድዶ ሊይዝ ይችላል፤ እግርና ሆድ ያብጣል፣ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪማቸው ያላዘዘውን ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ደግሞ እባካችሁ በሻንጣ አትላኩ።

ቁጭ ብለው እንኳ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ፈሳሹ ልብን እየጫነው ሊሆን ስለሚችል በመርፌ መቀዳት ሊኖርበት ይችላል። እኩለ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።