ፓቹ ኮምፓይል ሆነ፤ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ ለሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በሲ የተጻፈ የድራይቨር (መሣሪያን የሚያሠራ ኮድ) ፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ እንድገመግም ተሰጥቶኛል። ቼክፓች የተባለው የከርነሉ የፓች መፈተሻ ስክሪፕት ምንም አላወጣም፤ ኮምፓይል ሲደረግም ማስጠንቀቂያ የለውም። ሌላ ምን ልፈልግ?

መልስ፦ ቼክፓች በአብዛኛው የሚያየው መልኩን ነው፦ መስመሩ በታብ መግባቱን፣ ከ100 ፊደል አለማለፉን፣ ይህን የመሰለውን። ከባዱ ስህተት የሚደበቀው ግን አንድ ነገር ሳይሳካ ሲቀር ኮዱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ ንባብዎን ከዚያ ይጀምሩ።

መሣሪያው ሲገኝ የሚጠራው የድራይቨሩ ማስጀመሪያ፣ ማለትም የፕሮብ ፈንክሽኑ፣ ማህደረ ትውስታ ያዘ፣ ክሎኩን (የመሣሪያውን የምት ምንጭ) አስነሳ፣ ከዚያ ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ሊያስመዘግብ ሲል አልተሳካለትም እንበል። ጎቱ (ወደ ማጽጃው ኮድ የሚያዘልለው ትእዛዝ) መጀመሪያ ክሎኩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ማህደረ ትውስታውን መልቀቅ አለበት፤ የኋለኛው ይቀድማል። መሃል ላይ አዲስ እርምጃ ሲሰካ ከታች ያለው ሌብል (ጎቱ የሚዘልበት ቦታ) ሳይነካ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከእያንዳንዱ ጎቱ በፊት የስህተት ቁጥሩ መሞላቱንም ይዩ። ካልተሞላ ፈንክሽኑ 0 ሊመልስና ከርነሉ በግማሽ የቀረውን ድራይቨር ደህና ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል። በዴቭኤም (ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ በራሱ በሚለቀቅ አያያዝ) የተያዘውን ደግሞ በእጅ ኬፍሪ (ማህደረ ትውስታ የሚለቅ ፈንክሽን) ከጠሩበት ያው ማህደረ ትውስታ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል።

ቀጥሎ፣ ኮዱ የሚሮጠው የት ሆኖ ነው? ስፒንሎክ (ሌላው ሳይተኛ እየዞረ የሚጠብቀው መቆለፊያ) ይዞ ወይም ኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ መተኛት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ለቅቆ መጠበቅ፣ ክልክል ነው፤ በ«ጂኤፍፒ_ከርነል» የተጠራ ኬማሎክ (ማህደረ ትውስታ የሚጠይቅ ፈንክሽን) ግን ሊተኛ ይችላል። ጸሐፊው «በማይተኛው አማራጭ፣ ጂኤፍፒ_አቶሚክ ላድርገው» ቢል ቶሎ አይስማሙ። አቶሚኩ መጠበቅ ስለማይችል በቀላሉ ይከሽፋል፤ ከተቻለ ማህደረ ትውስታው ሎኩ ከመያዙ በፊት ይጠየቅ። ሎኩ የተያዘው ሦስት ፈንክሽን ወደ ላይ ሊሆን ስለሚችል ችግሩ ፓቹ ላይ ላይታይ ይችላል። ፋይሉን ሙሉውን ከፍተው ጠሪዎቹን ይከተሉ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ከተጠቃሚ የሚመጣ ዳታ ካለ ወደ ከርነል የሚቀዳውን «ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር»ን ይፈልጉ። የሚመልሰው የስህተት ቁጥር ሳይሆን ሳይቀዳ የቀረውን የባይት ብዛት ነው። የራይት ፈንክሽኑ ያንኑ እንዳለ ከመለሰው፣ 5 ባይት ሳይቀዳ ቀርቶ ተጠቃሚው 5 ባይት እንደተጻፈ ይነገረዋል። መመለስ የነበረበት የመጥፎ አድራሻ ስህተት የሆነው ኢፎልት፣ ማለትም -14 ነው። ተጠቃሚው የሰጠው ብዛት በመጠን የሚባዛ ከሆነም ውጤቱ ከቁጥሩ ወሰን አልፎ ትንሽ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ «ኬማሎክ_አሬይ» ይህን ራሱ ይፈትሻል።

ከዚያ ያስሩጡት። ሜክን በ«ሲ=1» ጠርተው ስፓርስን (ኮዱን ሳያስሮጥ የሚፈትሽ መሣሪያ) ያስገቡ፤ የማህደረ ትውስታ ስህተት የሚይዘውን ኬሳንን፣ የሎክ አያያዝን የሚከታተለውን ሎክዴፕንና በማይፈቀድበት መተኛትን የሚያጋልጠውን «ደቡግ_አቶሚክ_ስሊፕ»ን አብርተው በቨርቹዋል ማሽን ይሞክሩት። «ፌይልስላብ» ኬማሎክን ሆን ብሎ ስለሚያከሽፍ፣ በአዘቦት ፈጽሞ የማይረገጠውን የስህተት መንገድ ያስኬድልዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ፓች ስህተት እያረመ በዚያው የተለዋዋጮችን ስም ይቀይራል። ላጽድቀው?

መልስ፦ ለሁለት ይከፈል፤ እርማቱ ይቅደም። እርማቱ ወደ ስቴብል ከርነሎች (ቀድሞ ለተለቀቁት፣ እርማት ለሚጨመርባቸው ቅጂዎች) ሲወሰድ የስም ለውጡ አብሮ መጎተት የለበትም። ስህተቱን ያስገባው ኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) ከታወቀ መለያው ቢያንስ በ12 ፊደል «ፊክስስ» መስመር ላይ ይጻፍ። ሁለቱም ፓች በተራው ሲጨመር ኮምፓይል መሆን አለበት፤ አለዚያ ስህተት ያስገባውን ኮሚት የሚፈልገው ጊት ባይሴክት መሃል መንገድ ላይ ይሰናከላል። «ሪቪውድ-ባይ» (ገምግሜዋለሁ የሚል ፊርማ) የሚሰጡት ሁለቱንም ካነበቡ ነው፤ አንዱን ብቻ ካዩ ለእሱ ብቻ ይስጡ።