ከጀርመን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማንን እንጋብዝ?

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የማነበው በጀርመንኛ ነው። ዋሽንግተን ያደጉት የአክስቴ ልጆች ግን ከእንግሊዝኛ በቀር ስለማያነቡ፣ ጀርመኖች በዚህ ዘርፍ ቁም ነገር ጽፈዋል ብላቸው ሊያምኑኝ አልቻሉም። በእንግሊዝኛ የሚገኝ ማንን ልጠቁማቸው? ከየትኛው መጽሐፍስ ይጀምሩ?

መልስ፦ አንድ ስም ብቻ እንድንጠራ ከተጠየቅን የምንጠራው አንድሪያስ ኤሽባህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በኡልም ከተማ የተወለደው ይህ ደራሲ በሽቱትጋርት የበረራና የሕዋ ምሕንድስና ያጠና፣ በኋላም በሶፍትዌር ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ካለ ባለሙያ የሞተርና የመንኮራኩር ዝርዝር የሚጠብቅ አንባቢ ግን የበኩር ልብ ወለዱን ሲከፍት የሚያገኘው ፀጉር የሚቋጥር ሽማግሌ ነው።

መጽሐፉ በጀርመንኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በ2005 በዶሪል ጄንሰን ተርጓሚነት «ዘ ካርፔት ሜከርስ» በሚል ርዕስ አሜሪካ ውስጥ ወጥቷል። መቅድሙን የጻፈው አሜሪካዊው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ኦርሰን ስኮት ካርድ ነው፤ የአክስትዎ ልጆች የዘርፉ ወዳጆች ከሆኑ ይህን ስም ሳያውቁት አይቀሩም። ታሪኩ የሚጀምረው ከንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ እጅግ በራቀች ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ ያለ ምንጣፍ ሠሪ ዕድሜውን በሙሉ አንድ ምንጣፍ ብቻ ይሠራል፤ ክሩም የሚስቶቹና የሴት ልጆቹ ፀጉር ነው። ምንጣፉ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተብሎ ሲሸጥ ገንዘቡ ለልጁ ይሰጣል፤ ልጁም በዚያ ገንዘብ እየኖረ በተራው የራሱን ምንጣፍ ሲቋጥር ዕድሜውን ይፈጃል። ገንዘቡ ከአንድ ወራሽ ስለማያልፍ ምንጣፍ ሠሪ ከአንድ በላይ ወንድ ልጅ እንዲኖረው አይፈቀድም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ መጻሕፍት የሚያነብና የአባቱን ሙያ የሚጠራጠር ወጣት ባለበት ቤት ሌላ ልጅ ሊወለድ ነው። ከዚህ በላይ ብንናገር ንባቡን ማበላሸት ይሆናል።

አስቀድመው ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር አለ። በየምዕራፉ ባለታሪኩ ስለሚለወጥ፣ አንድ ጀግና ከዳር እስከ ዳር መከተል የለመደ አንባቢ መሐል ላይ ሊሰላች ይችላል። ምዕራፎቹን አስሮ የያዘው ሰው ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ያ ሁሉ ምንጣፍ በእርግጥ የት እንደሚገባ ነው። መልሱ ሲገለጥ የሚያስደነግጠው በቀል የቱን ያህል ዘመን ሊሻገር እንደሚችል ማሳየቱ ነው። ጉድለትም አለው፤ ሕይወታቸው ለምንጣፉ የሚገበርባቸው ሴቶች በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት እምብዛም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ፣ በ2001 የታተመውና በእንግሊዝኛም የሚገኘው የዚሁ ደራሲ የአንድ ትሪሊዮን ዶላር ታሪክ ሊነበብ ይችላል። ኒውዮርክ ውስጥ ፒዛ የሚያመላልስ ድኻ ወጣትን፣ ከ500 ዓመት በፊት አንድ የፍሎሬንስ ነጋዴ ያስቀመጠው ገንዘብ ወለድ በወለድ ላይ ሲጨምር ኖሮ የዓለም አንደኛ ሀብታም ያደርገዋል። ሐሳቡ ድንቅ ቢሆንም የኢኮኖሚ ማብራሪያው ስለሚረዝም ለመነሻ አይሆንም። የፍራንክ ሼትሲንግ «ዘ ስዋርም» ባሕርን ለሚወድ ሰው ቢጥምም፣ ውፍረቱ ብቻውን ተጠራጣሪን ያሸሻል። ከ1961 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣውን «ፔሪ ሮዳን» የተባለ ተከታታይ የሕዋ ጀብዱ ልብ ወለድ ደግሞ፣ በጀርመን ያለውን ዝና ብናከብርም፣ ለጊዜው ባያነሡባቸው ይሻላል፤ «ጀርመኖች ቁም ነገር አልጻፉም» ለሚል ሰው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚችለው እሱ ነውና።

የምንጣፍ ሠሪዎቹን መጽሐፍ ሲልኩላቸው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ እንዲያነቡ ይጠይቋቸው። ምዕራፉ ራሱን እንደቻለ አጭር ልብ ወለድ ስለሚነበብ አንድ ምሽት ይበቃዋል፤ ያ ካልያዛቸው ሌላው የኤሽባህ ሥራም አይይዛቸውም።